ማማሰያው የከበደበት ቀን

ቬቱሪያ ሸርባንን የማያውቅ ሰው በቀለም ፋብሪካችን ውስጥ አልነበረም። ረጅም፣ ከሲታ፣ ነጭ ጋዋኗን እስከ አንገቷ የምትቆልፍ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ናት። ከሙሬሽ ወንዝ ማዶ፣ ባቡር ሐዲዱ ጥግ ባለው ፎቅ ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። እኔ ታች ቆርቆሮ መሙያ ክፍል፣ እሷ ላይ ላቦራቶሪ፤ ግን ወጣት ሳለን አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ቆርቆሮ ላይ ወረቀት እንለጥፍ ስለነበር፣ በምሳ ሰዓት እስከ መጨረሻው ድረስ አብረን ነበር የምንበላው።

ቀለም ማለት ዱቄትና ሙጫ ነው። ሙጫውን የምናበስለው ሁለት ፎቅ በሚያህል የብረት ጋን ውስጥ ነበር። የተልባ ዘይት፣ ግሊሰሪንና አሲድ ይገባበታል፤ ዙሪያውን እሳት ያሞቀዋል፤ መሐሉ ላይ ትልቅ ማማሰያ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ሙጫው እየበሰለ ሲሄድ ይወፍራል። መወፈሩ ግድ ነው፤ ካልወፈረ ቀለሙ ከበሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ችግሩ ግን እንደ ገንፎ በዓይን እየታየ አይወፍርም። ለብዙ ሰዓት ፀጥ ብሎ ይቆይና መጨረሻው ላይ ድንገት ይሮጣል። ያን ጊዜ ካልደረሱበት ጋን ሙሉ ሙጫ እንዳለ ጎማ ይሆናል። ጎማ ከሆነ በኋላ አይቀልጥም፣ በምንም አይሟሟም። ሰው ገብቶ በመሮና በመዶሻ እየፈለፈለ ማውጣት ብቻ ነው።

በድሮው መንግሥት ጊዜ፣ አንድ ክረምት እንዲህ ሆነ። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ዕቅዱ እንዳይጓደል ብሎ፣ ጋኑ በቅጡ ሳይናፈስ ሰዎች አስገባ። ከገቡት አንዱ የቬቱሪያ ታናሽ ወንድም ቫሌር ነበር። ጠዋት እያፏጨ በመሰላሉ ወረደ። ከምሳ በፊት በገመድ ጎትተው አወጡት። አየር አልነበረም ውስጡ።

ለቅሶው ሲያበቃ ቬቱሪያ ጥቁሯን እንደለበሰች አስተዳደር ክፍል ሄዳ «ላቦራቶሪ አስገቡኝ» አለች።

«ትምህርትሽ አይፈቅድም» አሏት።

«እማራለኋ!»

ተማረችም። ቀን ወረቀት እየለጠፈች ማታ እየተማረች፣ ላቦራቶሪ ገባች። የሙጫውን ውፍረት የምትለካው በናስ ጽዋ ነበር፤ ጽዋው ግርጌው ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለው። የጋኑ ሠራተኛ ቲቤሪዩ ከጋኑ ጎን፣ ወደ ሥሩ ገደማ ከወጣው የናሙና ቧንቧ ሙጫ ይቀዳላታል። እሷ በልኩ ቲነር ትጨምርበታለች፣ ታቀዘቅዘዋለች፣ ጽዋውን ትሞላና በቀዳዳው ፈስሶ እስኪያልቅ በሰዓት ትይዛለች። ቶሎ ካለቀ ገና ነው። ከዘገየ ደርሷል። «ይውረድ» ስትል ጋኑ ይከፈታል፤ እሷ ሳትል የሚከፍተው የለም። እሷ ጽዋውን ከያዘች ወዲህ ጋኑ ውስጥ ሰው ገብቶ አያውቅም ነበር። ይህን ግን በአፏ ተናግራው አታውቅም። እኛም አናነሳባትም።

መንግሥት ተለወጠ፣ ፋብሪካው ተሸጠ፣ ግማሾቻችን ተቀነስን። ከዚያ ኢንጂነር ስማራንዳ ከቲሚሿራ ከተማ መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ስትናገር ትንፋሽ የማትወስድ ልጅ ናት። በመጣች በጥቂት ጊዜ ውስጥ የማማሰያው ዘንግ ላይ አንድ መለኪያ አስገጠመች። ፈሳሹ ማማሰያውን ምን ያህል እንደሚታገለው በመርፌ የሚያሳይ ነው።

«እትዬ ቬቱሪያ፣ ማማሰያው ራሱ መለኪያ ነው እኮ» አለቻት በመጀመሪያው ቀን። «ሙጫው ሲወፍር ማዞሩ ይከብደዋል። ምን ያህል እንደከበደው ካወቅን፣ ሳንቀዳ ሳናቀዘቅዝ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ እዚሁ ቆመን እናያለን።»

«የከበደው ወፍሮበት ይሁን ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ደርቆበት በምን ታውቂያለሽ?»

«ኩሽኔታውን ጋኑ ባዶ ሳለ ፈትሼዋለሁ።»

«ባዶ ጋን ሙጫ የለበትም።»

«የእርስዎም ጽዋ ጋን አይደለም! ይሄ ፈሳሽ እንደ ውሃ አይደለም፣ ጠባዩ አንድ አይደለም። ሲያማስሉት ይቀጥናል፣ ሲተዉት ይወፍራል። ጽዋው ውስጥ ብቻውን፣ ቀዝቅዞ፣ በገዛ ክብደቱ ነው የሚወርደው። እዚያ ደግሞ...»

ቬቱሪያ ጽዋዋን በጨርቅ ጠርጋ መሳቢያ ውስጥ አስገባችና ቆለፈችበት። 

ወራት በዚህ አለፉ። አንዷ መርፌውን ትጠቅሳለች፣ አንዷ ሰዓቷን ታሳያለች። ቲቤሪዩ በመሐል ናሙና እየተሸከመ ይመላለሳል። «እናቴና ሚስቴ ምድጃ ላይ ሲጣሉ ለማየት ቤቴ መሄድ አያስፈልገኝም» ይለን ነበር፤ «እዚሁ ደመወዝ እየተከፈለኝ አያለሁ።» ደግነቱ ጽዋውና መርፌው ብዙም አይለያዩም ነበር። ስለዚህ ጠቡ የአፍ ጠብ ሆኖ ቆየ።

እስከዚያ የመከር ጠዋት ድረስ። አንድ የክሉዥ ከተማ ነጋዴ ነጭ የመስኮት ቀለም አዞ ነበር። ዳይሬክተር ኮዝማ ሰብስቦን «ይህ ጋን ከተበላሸ ሰውየው አይመለስም፤ እሱ ካልተመለሰ እኛም እዚህ አንመለስም» ብሎናል። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። ማሽኖቻችንን አጥበን፣ ቆርቆሮውን ደርድረን፣ ሙጫ እስኪወርድልን ተቀምጠናል። የክፍላችን ኃላፊ ቢሰለቻት ጊዜ «ሂጂና መቼ እንደሚደርስ ጠይቂያቸው» ብላ እኔን ላከችኝ።

ደረጃውን ወጥቼ ስገባ ጋኑ አጠገብ ሦስቱ ቆመዋል። ስማራንዳ ፊቷ ቀልቷል።

«ይመልከቱት! ይመልከቱት ዝም ብለው! ከቁርስ ጀምሮ እየወጣ ነው፣ አሁን ደግሞ እየሮጠ ነው!»

መርፌውን አየሁት። መለኪያው ላይ ቀይ መስመር አለ፤ ከዚያ ካለፈ ሞተሩ ይቃጠላል። መርፌው ለመስመሩ ብዙም አልቀረውም።

«ጽዋው ገና ነው ይላል» አለች ቬቱሪያ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። «ብዙ ይቀረዋል።»

«እሳቱን ላጥፋው። እባክዎ!»

«አጥፍተን መልሰን ብናሞቀው ይጠቁራል። ነጭ ቀለም ነው የሚሠራበት።»

«እትዬ...»

«ቲቤሪዩ፣ ሌላ ናሙና ቅዳልኝ። ቧንቧውን በደንብ አፍስሰህ።»

ቲቤሪዩ በዚያ ቀን አልቀለደም። ቧንቧውን ከፍቶ የመጀመሪያውን በባልዲ አፈሰሰና ቀድቶ ሰጣት። እኔ መሄድ ሲገባኝ መሄድ አቃተኝ፤ በሩ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። በላቦራቶሪው መስታወት በኩል ቬቱሪያን አያታለሁ፤ ስትቀላቅል፣ ስታቀዘቅዝ፣ ጽዋውን ስትሞላ። እጇ አንድም ነገር አላፈጠነም፣ አንድም ነገር አልዘለለም። ስማራንዳ በዚህኛው በኩል መርፌው ላይ አፍጥጣ ጥፍሯን ትበላለች። የማማሰያው ድምፅ ተለውጦ ነበር፤ ወትሮ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርመው አሁን ያቃስታል።

ቬቱሪያ ወጣች። ሰዓቷን በእጇ ይዛለች።

«ምን አለ?» አለች ስማራንዳ።

«ከቅድሙ ጋር አንድ ነው።»

«መርፌው ግን አልቆመም! ስለዚህ እኔ...»

«አንድ ነው» አለች ቬቱሪያ እንደገና፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። «ቁርጥ አንድ። ሙጫ እሳት ላይ ሆኖ እንዴት ባለበት ይቆማል?»

 ቬቱሪያ ጋኑን አየች፣ ከዚያ ከጎኑ የወጣውን ቧንቧ አየች። 

«ከላይ ልቀዳ ነው» አለች። «ጭምብል አምጣ።»

«በክዳኑ በኩል? አብደሻል?» አለ ቲቤሪዩ። «እንፋሎቱ ፊትሽን ይልጠዋል!»

«ቀበቶዬን ያዘኝ።»

በመሰላሉ ወጣች። ቲቤሪዩ ከኋላዋ ቆሞ ቀበቶዋን በሁለት እጁ ጨመቀ። የክዳኑን ብሎን ፈትታ ስትከፍተው ነጭ እንፋሎት እስከ ጣሪያው ወጣ፤ ሽታው ታች ድረስ ዓይን ያቃጥላል። ጭንቅላቷን አዙራ፣ በባለ ረጅም እጀታ ጭልፋ ወደ ውስጥ ዘልቃ ቀዳችና ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ጭልፋውን አዘነበለችው።

ሙጫው አልፈሰሰም። ከጭልፋው ጠርዝ እንደ ክር ተስቦ ተንጠለጠለ፣ ተወዛወዘ፣ መልሶ ወደ ላይ ተሰበሰበ።

እንዲህ መልሶ ከተሰበሰበ ጎማ ለመሆን አፋፉ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ከእኛ ውስጥ የማያውቅ የለም። ቬቱሪያ ክዳኑን ዘጋች፣ ጭምብሉን አወለቀች፣ ከመሰላሉ ሳትወርድ ጮኸች። በዚያ ፋብሪካ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

«እሳቱን አጥፉ! ስማራንዳ ልክ ነሽ! ዘይት ያስፈልገናል፣ ቀዝቃዛ ዘይት፣ አሁን!»

ስማራንዳ ማሞቂያውን አጠፋች። ጋኑ ግን ያን ያህል ሙቀት ተሸክሞ በቶሎ አይበርድም። የሚያድነው የተልባ ዘይት ጨምሮ ማላላት ብቻ ነው። በዚያ ቀን ጋኑ ውስጥ የገባው ዘይት በቅርቡ ከመጣ አዲስ ጭነት ነበር፤ ሙጫውን ያስሮጠው እሱ ይሆን ብለን አሁን ማንም አላመነውም። አሮጌው ዘይት ግቢ ውስጥ በበርሜል ነው ያለው፣ ዝናብ ላይ።

እየሮጥኩ ወርጄ ሴቶቹን ጠራሁ። ማንም «ለምን» አላለም። በርሜሎቹን እያንከባለልን ወደ ዕቃ ማንሻው አመጣን፤ ጫማችን ጭቃ ጠጣ፣ የአንዷ ጣት ተጨፍልቆ ደማ። ላይ ስንደርስ ቬቱሪያ የእያንዳንዱን በርሜል ታች ከፍታ ጥቂት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ትጥላለች። ውሃ ካለበት ይንጫጫል። ውሃ ያለበት ዘይት እዚያ ጋን ውስጥ ቢገባ ሙጫው ገንፍሎ ሁላችንንም ይቀቅለናል። አንደኛው ዝም አለ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ጠሽ ጠሽ ሲል ቬቱሪያ በእግሯ ገፋችው፤ «ይሄን አውጡልኝ ከዚህ!»

ፓምፑ ዘይቱን ወደ ጋኑ መግፋት ጀመረ። ሁላችንም መርፌው ላይ አፈጠጥን።

መርፌው ወደ ላይ ወጣ።

«ምንድን ነው? ምን እየሆነ ነው?» አለ ከኋላችን ድምፅ። ዳይሬክተር ኮዝማ ነው። አንድ ሰው ጠርቶት እየሮጠ መጥቷል፤ ከረባቱ ትከሻው ላይ ተገልብጧል።

«ዘይቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው» አለች ስማራንዳ። «የነካውን መጀመሪያ ያወፍረዋል። እስኪቀላቀል ነው፤ ከተቀላቀለ ይላላል።»

«ሞተሩ ሊቃጠል ነው! ፍጥነቱን ቀንሱት!»

«ከቀነስነው ይብሳል! አሁን የሚያቀጥነው መዞሩ ነው። እየዞረ ካልቆየ ተመልሶ ይወፍራል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስነሳው የለም!»

«እኔ ቀንሱ ብያለሁ!» ወደ መቆጣጠሪያው ተራመደ።

ቬቱሪያ ከመሐል ገባች። ጀርባዋን ለመቆጣጠሪያው ሰጥታ ቆመች። በዘይት የራሰው እጇ ከጎኗ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ ቬቱሪያ፣ ዞር በይ።»

«ዞር አልልም።»

«ይህ ሞተር ቢቃጠል...»

«ሞተር ይገዛል።»

ኮዝማ ያያታል፣ እሷም ታየዋለች። በእድሜ የገፉት ሠራተኞች ወደ ምድር አቀረቀሩ። ኮዝማ ከአዲሱ ባለቤት ጋር የመጣ ሰው ነው፤ ስለ ቫሌር የነገረው አልነበረም። ቢሆንም ከፊታችን የሆነ ነገር ሳያነብ አልቀረም። እጁን ወደ ኪሱ መለሰው።

መርፌው ቀዩን መስመር ነካ። ማማሰያው አንዴ ዘፍ ብሎ የቆመ መሰለን፤ ወለሉ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። አጠገቤ ያለችው ሴት አማተበች። ቲቤሪዩ እጁን የጋኑ ግድግዳ ላይ አድርጎ፣ እንደታመመ ፈረስ እየዳበሰ፣ «ና፣ ና፣ አይዞህ፣ ና» ይላል። ማማሰያው እንደገና ጎተተ። ዞረ። አሁንም ዞረ።

«ፓምፑን እንዳታቆሙት» አለች ቬቱሪያ በሹክሹክታ።

ከዚያ መርፌው ተንቀጠቀጠና ከመስመሩ በፀጉር ስፋት ራቀ።  ቆየና ጥቂት ወረደ፤ ከዚያ አሁንም ወረደ። የማማሰያው ማቃሰት እየሳሳ ሄዶ ወደ ቀድሞ ጉርምርምታው ተመለሰ። ስማራንዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ይውረድ» አለች ቬቱሪያ።

ሙጫው ወደ ታችኛው የማቅጠኛ ጋን፣ ቲነሩ ውስጥ ሲወርድ ድምፁ በቧንቧው ውስጥ ይሰማ ነበር። የመጨረሻው እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው የለም። ቲቤሪዩ በባትሪ መብራት በክዳኑ ውስጥ አየና «ንጹሕ ነው! ግድግዳው ላይ ትንሽ ለጥፏል እንጂ ንጹሕ ነው!» ሲል፣ ሴቶቹ እኩል ማውራት ጀመሩ።

ነጭ የመስኮት ቀለም ግን አልሆነም። ዘይት በዝቶበት ቶሎ የማይደርቅ፣ ቀለሙም የደፈረሰ ሆነ። ኮዝማ በማግሥቱ ቢሮው ጠርቶ ቬቱሪያንም ስማራንዳንም ጮኸባቸው፤ ኮሪደሩ ላይ ሆነን ሰምተናል። የክሉዡ ነጋዴ መጥቶ አየ፣ አጉረመረመ፣ መጨረሻ ላይ ቡናማ አድርገን የአጥር ቀለም እንድናደርግለት ተስማማ። ሌላ ጋን ነጭ ደግሞ አዘዘ። ስለዚህ ፋብሪካው አልተዘጋም፤ ቢያንስ በዚያ ዓመት።

ጋኑን ባዳንንበት በዚያው ቀን ምሳ ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር። ወትሮ እንደምናደርገው ዳቦ፣ የአሳማ ስብና ቀይ ሽንኩርት ዘርግተን ተቀመጥን። ቬቱሪያ ቢላዋውን አንስታ ሽንኩርቱን ልትቆርጥ አለች። ከዚያ አንድም ሳትቆርጥ ቢላዋውን አስቀመጠችው። ስማራንዳ ከሌላ ጠረጴዛ ተነስታ መጣች፣ ሳትጠየቅ ተቀመጠች፣ ቢላዋውን ወስዳ መቁረጥ ጀመረች። ቁራጮቹ ወፍራምና ጠማማ ነበሩ።

«ለምን ሄዱበት?» አለች ሳታያት። «ከላይ መቅዳቱን ማለቴ ነው። የእኔን መርፌ ማመን ይችሉ ነበር። ወይም ጽዋዎትን።»

 ቬቱሪያ ስለ ቫሌር ነገረቻት። ለስንት ዓመት ከአፏ ያልወጣውን፣ እንደ ተራ ነገር፣ ዳቦውን እየቆረሰች። ሲያፏጭ የነበረው ዜማ ምን እንደነበር ሳይቀር። እኔ እንኳን ያንን አላውቅም ነበር። ስማራንዳ ቢላዋውን እንደያዘች ቀረች፤ እንባዋ በሽንኩርቱ ይሁን በወሬው አልለየሁም።

«ጽዋው ከጋኑ ውስጥ ያለውን መስሎኝ ነበር የሚለካው» አለች ቬቱሪያ። «ለካ ቧንቧው የሰጠውን ነው።»

ቲቤሪዩ ቧንቧውን ሲፈታው እውነትም ውስጡ በአሮጌ ሙጫ ተደፍኖ የጣት ስፋት ያህል ብቻ ነበር የቀረው። ጠዋቱን ሙሉ የቀዳላት ከሰዓታት በፊት እዚያ ተወትፎ የቀረውን ነበር። የዚያን ቀን ሙጫ ያስሮጠው ደግሞ አዲሱ ዘይት ሆኖ ተገኘ፤ ሻጩ ግቢ በጋውን ፀሐይ ላይ ከርሞ ገና ጋን ውስጥ ሳይገባ በራሱ ወፍሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ በጋኑ ላይ ያለው ጠብ ያቆማል ብዬ ነበር። በሳምንቱ ወደ ላይ ስወጣ ጩኸታቸው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። አዲስ የናሙና ቧንቧ ሊበየድ ነው፤ የት ይሁን በሚለው አልተስማሙም።

«ከሆዱ ላይ ነው የሚሆነው!» ትላለች ቬቱሪያ። «ከሥር የተቀዳ ሁሌም ያረጀ ነው።»

«ሆዱ ላይ ፈሳሹ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ እትዬ! ከማማሰያው ክንፍ ትይዩ መሆን አለበት፣ እዚያ ነው የሚታሸው!»

«እዚያ ሲታሽ የቀጠነውን ነዋ የምትቀጂው! የሚዋሸኝን!»

«እሱን እኔ አይደለሁ እንዴ ለወራት ስነግርዎ የነበረው?»

ቬቱሪያ አፏን በእጇ ሸፈነች። ቲቤሪዩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የብየዳ መያዣውን አንጠልጥሎ ቆሟል።

«እኔ ምሳዬ እየቀረብኝ ነው» አለ። «ሁለት ቀዳዳ ልክፈት?»

ተያዩ። ያ ጋን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ሁለት የናሙና ቧንቧ ነበረው።